ከብልጭታው ሥር፦ በረዶን፣ ውርጭንና የዝናብ ውሃን በፖላራይዘር ማንሳት

አዲስ አበባ ውስጥ አዲሱ ገበያ ሰፈር በረዶ ሲጥል ቀድሞ የሚናገረው የጣራው ቆርቆሮ ነው። ሲንጠባጠብ የነበረው ዝናብ ድንገት የጠጠር ድምፅ ያወጣል፤ ቤት ውስጥ ያሉ ሰዎች መደማመጥ ያቅታቸዋል፤ ልጆች ወደ በር ይሮጣሉ። አሥር ደቂቃ፣ ቢበዛ ሩብ ሰዓት ይቆያል። ጋብ ሲል ግቢው ነጭ ለብሷል፤ ከጣራው ክፈፍ ሥር የተጠራቀመው እንደ ጨው ክምር ያብረቀርቃል። ካሜራ ፈልገው፣ ሌንስ ጠርገው፣ ባትሪ ቀይረው እስኪወጡ ድረስ ግን ግማሹ ቀልጦ ቦይ ገብቷል።

በረዶ እኛ ሰፈር እንግዳ ነው። ሐይቃቸው ለወራት በሚረጋባቸው አገሮች ያለ ፎቶ አንሺ ዛሬ ያልተሳካለትን ነገ ተመልሶ ያነሳዋል። እኛ ያለን ደቂቃዎች ናቸው። ስለዚህ እዚህ የበረዶ ፎቶ የሚማሩት በረዶ ሲጥል አይደለም፤ ከዚያ በፊት፣ አስፋልት ላይ በሚያቁረው የዝናብ ውሃ፣ በባሕር ዛፍ ቅጠልና በሰማይ ላይ እጅን በማፍታታት ነው። ይህ መመሪያም በዚያው ቅደም ተከተል ይሄዳል። መሣሪያው አንድ ነው፤ ፖላራይዘር ፊልተር የሚባለው፣ ሌንስ ጫፍ ላይ ተጠምዝዞ የሚዞር ጠቆር ያለ ክብ መስታወት።

ፊልተሩ ምን ይሠራል?

ብርሃን ሲጓዝ ይርገበገባል። ከፀሐይ በቀጥታ የሚመጣው ወደ ላይና ወደ ታች፣ ወደ ግራና ወደ ቀኝ፣ በሁሉም አቅጣጫ የሚርገበገብ ነው። ውሃ፣ መስታወት፣ ቅጠል ወይም በረዶ ላይ በሰያፍ አርፎ ሲመለስ ግን አብዛኛው ርግብግቢት አንድ አቅጣጫ ይይዛል። ፖላራይዘርን እንደ ሙዳየ ምጽዋት ቀዳዳ ያስቡት። ሳንቲሙ ከቀዳዳው ጋር ሲስተካከል ይገባል፤ አግድም ሲሆን ይመለሳል። ቀለበቱን ሲያዞሩ የሚያዞሩት ቀዳዳውን ነው፤ ስለዚህ ብልጭታው በአንድ ቦታ ላይ ያልፋል፣ ከዚያ ሩብ ዙር ሲጨምሩ ይታገዳል።

ነገሩ የተደረሰበት በመስኮት ነው። እ.ኤ.አ. በ1808 ፈረንሳዊው ኤቲየን ሉዊ ማሉስ ፓሪስ ውስጥ የሉክሰምበርግ ቤተ መንግሥት መስኮቶች ላይ ያረፈውን የማታ ፀሐይ በካልሳይት ክሪስታል ሲመለከት፣ ክሪስታሉን ባዞረ ቁጥር ከሚታዩት ሁለት ምስሎች አንዱ እየደበዘዘ ሌላው እየደመቀ ሲሄድ አየ። በ1815 ስኮትላንዳዊው ዴቪድ ብሩስተር ብልጭታው ሙሉ በሙሉ የሚታገድበት ማዕዘን ከእያንዳንዱ ቁስ ባሕርይ ጋር እንደሚለያይ በሕግ አስቀመጠው። ፊልተሩን ዛሬ በምናውቀው ቀጭን ሉህ መልክ መሥራት የቻለው ደግሞ አሜሪካዊው ኤድዊን ላንድ ነው፤ ጊዜውም የ1920ዎቹ ማብቂያ ነበር። እርስዎም አመሻሽ ላይ ከእንጦጦ ግርጌ ያሉ መስኮቶች ሲያንጸባርቁ ቀለበቱን ቢያዞሩ ማሉስ ያየውን ያያሉ።

ከዚህ ሁሉ ሦስት ነገር በልብዎ ይያዙ፦

1. ፊልተሩ የሚሠራው በሰያፍ ሲያዩ ነው። ለውሃም ለበረዶም ምርጡ ማዕዘን ከገጹ 37 ዲግሪ ገደማ ከፍ ብሎ ነው። ቀጥ ብለው ቁልቁል ካዩ ምንም አይለወጥም።
2. ባዶ ብረት ላይ አይሠራም። ያልተቀባ ቆርቆሮ የሚያወጣው ብልጭታ ቀለበቱን ቢያዞሩትም አይጠፋም፤ የተቀባ ቆርቆሮ፣ የመኪና ቀለምና የመኪና መስታወት ግን ይታዘዛሉ።
3. ብርሃን ይበላል። ከአንድ ተኩል እስከ ሁለት ስቶፕ ስለሚቀንስ፣ ያለ ፊልተር በ1/250 ሴኮንድ ያነሱትን በ1/80 አካባቢ ሊያነሱት ይገደዳሉ።

ከመግዛትዎ በፊት

የሌንስዎ የፊት ስፋት ክዳኑ ላይ ወይም ሌንሱ ጠርዝ ላይ በሚሊ ሜትር ተጽፏል፤ ከካሜራ ጋር አብረው የሚመጡ 18-55 ሌንሶች አብዛኞቹ 52፣ 55 ወይም 58 ናቸው። ሁለት ሌንስ ካለዎት ለትልቁ የሚሆነውን ፊልተር ገዝተው ለትንሹ ማገናኛ ቀለበት ይጠቀሙ። ከሁለቱ ዓይነቶች ሰርኩላር የሚባለውን ይምረጡ፤ ሊኒየር የሚባለው መስተዋት ባላቸው ካሜራዎች ላይ የብርሃን ልኬትንና ፎከስን ሊያሳስት ይችላል።

እውነተኛ መሆኑን እዚያው ሱቅ ውስጥ ማረጋገጥ ይቻላል። የኤልሲዲ ላፕቶፕ ወይም ቴሌቪዥን ነጭ ገጽ ይክፈቱ። በፊልተሩ በኩል፣ ሌንስ ላይ የሚጠመዘዘውን ጎን ወደ ዓይንዎ አድርገው ስክሪኑን እያዩ ያዙሩት። ስክሪኑ ጠቁሮ ተመልሶ ከነጣ ፊልተሩ ፖላራይዘር ነው። ዝም ብሎ እኩል ጥላ ከሆነ ተራ ጥቁር መስታወት ነው። ፊልተሩን ገልብጠው ከያዙት አይጠቁርም፤ ስለዚህ ሻጩን ከመጠራጠርዎ በፊት ጎኑን ይዩ።

ካሜራ የሌለዎት እንደሆነ አይቅርብዎ። ፊልተሩን በእጅዎ ስልክዎ ሌንስ ላይ ለጥፈው ይዘው ማዞር ይበቃል። ፖላራይዝድ የፀሐይ መነጽርም ይሠራል፤ መነጽሩን ራሱን ማዞር ብቻ ነው። ስልኩን በአንድ እጅ፣ ፊልተሩን በሌላው ሲይዙ እጅ ስለሚንቀጠቀጥ ክርንዎን ግድግዳ ወይም አጥር ላይ ያስደግፉ።

አንድ የእጅ ልማድ አሁኑኑ ይያዙ። ቀለበቱን ከካሜራው ጀርባ ሆነው ሲያዩት ወደ ግራ ብቻ ያዙሩ። ወደ ቀኝ ካዞሩት ፊልተሩ ከሌንሱ እየተፈታ ሊወድቅ ይችላል፤ ወደ ግራ ግን ይበልጥ ይጠብቃል።

ደረጃ 1፦ የአስፋልት ላይ ውሃ

ክረምት ላይ ከሰዓት በኋላ ዘንቦ ሲያባራ አዲሱ ገበያ በመስተዋት የተነጠፈ ይመስላል። ሱሉልታ እያሉ የሚጣሩ ረዳቶች፣ ሰማያዊና ነጭ ሚኒባሶች፣ ጃንጥላ የሚያጥፉ ሰዎች ሁሉ መሬት ላይ ተገልብጠው ይታያሉ። ለልምምድ ከዚህ የተሻለ ቦታ የለም።

በመጀመሪያ ርቀትዎን ይለኩ። ሕጉ ቀላል ነው፦ ከፍታ ሦስት እጅ፣ ርቀት አራት እጅ። ቆመው ካሜራውን 1 ሜትር ተኩል ላይ ከያዙት ከእግርዎ 2 ሜትር የራቀውን ውሃ ያንሱ። ቁጢጥ ብለው ወደ 75 ሴንቲ ሜትር ካወረዱት ርቀቱ 1 ሜትር ይሁን። ያ ነው 37 ዲግሪው፤ መለኪያ መሣሪያ አያስፈልግም።

አሁን ዓይንዎን ከካሜራው ሳያነሱ ቀለበቱን ቀስ ብለው ያዙሩ። በአንድ ቦታ ላይ ሰማዩና ሕንፃው ከውሃው ይጠፉና ከሥሩ አስፋልቱ፣ ጠጠሩ፣ የወደቀ የባሕር ዛፍ ቅጠል ብቅ ይላል። ሩብ ዙር ሲጨምሩ መሬቱ ይሸፈንና ሰማዩ ይመለሳል። ሁለቱንም ያንሱ። ይህን የምለው ከልቤ ነው፤ ብዙ ሰው ፊልተሩን ብልጭታ ማጥፊያ አድርጎ ይወስደውና ያገኘውን ነጸብራቅ ሁሉ ያጠፋል። እርጥብ መንገድ ብልጭታው ሲጠፋበት ጭቃ ይሆናል። ቀለበቱ የተሠራው እንዲመርጡ ነው፤ ለመምረጥ ደግሞ ሁለቱንም አይቶ ማወቅ ያስፈልጋል። ብዙ ጊዜ የሚያምረው መሐል ላይ ያለው ነው፤ ቅጠሉም ደመናውም እኩል የሚታዩበት።

ፎከስ እዚህ ያታልላል። ውሃ ውስጥ የሚታየው ሕንፃ ርቀቱ የውሃው ገጽ ድረስ ብቻ አይደለም፤ ከካሜራ እስከ ውሃ፣ ከውሃ እስከ ሕንፃ ድረስ ተደምሮ ነው። ቅጠሉን ከፈለጉ ቅጠሉ ላይ፣ ሕንፃውን ከፈለጉ በውሃው ውስጥ በሚታየው ሕንፃ ላይ ፎከስ ያድርጉ። ሁለቱም ጥርት እንዲሉ ከፈለጉ አፐርቸሩን ኤፍ 11 አካባቢ ያድርጉና ካሜራውን በትራይፖድ ወይም በደረጃ ላይ ያሳርፉ።

ካሜራውን መሬት አስጠግተው ውሃውን በጠፍጣፋው ማየት ከፈለጉ ግን ፊልተሩን ያውልቁ። በዚያ ማዕዘን ነጸብራቁ ራሱ ብርቱ ነው፤ ፊልተሩ ብርሃን ከመብላት በቀር የሚጨምረው የለም።

መንገዱ ሥራ የበዛበት መሆኑን አይርሱ። ወደ ጎጃም የሚወጣው መኪና በዚህ ያልፋል። ዓይንዎ ካሜራ ውስጥ ሲሆን ጆሮዎ መንገድ ላይ ይሁን፤ ጓደኛ ይዘው ይውጡ። የሚያነሱት ሰው ፊቱ የሚለይ ከሆነ ቀርበው ሰላም ብለው ያስፈቅዱ። ከእንጦጦ እንጨት ተሸክመው የሚወርዱ እናቶችን ሸክማቸው ላይ እያሉ ማስቆም ነውር ነው፤ ሲያርፉ ጠይቀው፣ ፎቶውንም አሳይተው ቢሆን ያምራል።

ደረጃ 2፦ ቅጠልና ሰማይ

ከአዲሱ ገበያ ብዙም ሳይርቅ የጉለሌ የዕፅዋት ማዕከል አለ፤ ከ700 ሄክታር በላይ የሚሸፍን፣ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲና በከተማው አስተዳደር የተቋቋመ። ዝናብ ካባራ በኋላ እዚያ ያለ ቅጠል ሁሉ የሰማዩን ነጭነት ይመልሳል፤ ፎቶው ላይ አረንጓዴው ገርጥቶ የሚታየው ለዚህ ነው። ቀለበቱን ሲያዞሩ ነጩ ሽፋን ይነሣና የቅጠሉ እውነተኛ ቀለም ይወጣል። ደመና በሸፈነው ቀንም ይሠራል። መስከረም ላይ አደይ አበባ ሲፈነዳ ከቢጫው ሥር ያለው እርጥብ ቅጠል ካልተገራ ፎቶውን ሁሉ ያነጣዋል።

ለሰማይ ደግሞ የትከሻ ሕግ አለ። ፊልተሩ ሰማዩን በደንብ የሚያጠቁረው ከፀሐይ 90 ዲግሪ በሆነው በኩል ነው። ቀኝ ወይም ግራ ትከሻዎን ወደ ፀሐይ ካዞሩ ፊት ለፊትዎ ያለው ያ ሰማይ ነው። ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ጠዋት ከአዲሱ ገበያ ወደ እንጦጦ ሲያዩ ፀሐይ በቀኝ ትከሻዎ በኩል ትሆናለች፤ ተራራው ላይ ያለው ሰማይም በቀለበቱ ዙር ጠልቆ ይጠቁራል። በሚያዝያ የመጀመሪያ ሳምንታትና በነሐሴ ማብቂያ ገደማ ደግሞ እኩለ ቀን ላይ ፀሐይ አናታችን ላይ ትቆማለች። ያን ጊዜ የሚጠቁረው ሰማይ በአድማሱ ዙሪያ ሁሉ ይሆናል፤ የትም ቢዞሩ ይሠራል። ይህ ለምድር ወገብ ቅርብ የሆንን ሰዎች ዕድል ነው።

በጣም ሰፊ ሌንስ ግን ሰማዩን ያዥጎረጉረዋል፤ አንዱ ጥግ ጥቁር፣ ሌላው ገርጣ ይሆናል። 28 ሚሊ ሜትርና ከዚያ የሰፋ ሌንስ ከያዙ ሰማዩን ትንሽ ብቻ ያስገቡ።

ቀስተ ደመና ሲወጣም ቀለበቱን ይሞክሩት። የቀስተ ደመና ብርሃን ራሱ አቅጣጫ የያዘ ነው፤ በአንድ ቦታ ላይ ይደምቃል፣ በሌላው ከሞላ ጎደል ይጠፋል። ፊልተር አጥልቀው ቀስቱ ካልታየዎት ያዙሩት እንጂ ሄደ ብለው ካሜራውን አይክተቱ።

ደረጃ 3፦ የሚዘንበው በረዶ

እጅዎ ከተፍታታ እንግዳውን መጠበቅ ነው። በረዶ በበልግም በክረምትም ይጥላል፤ አብዛኛውን ጊዜ ጠዋቱ ሞቆ ከሰዓት በኋላ ደመናው ሲቆለል። በእነዚህ ወራት ሦስት ነገር ያዘጋጁ፦ ፊልተር የተገጠመለት ካሜራ በር አጠገብ፣ ፍሪዘር ውስጥ የገባ ሳህን፣ ጥቁር ነገር። ለጥቁሩ የሸክላ ምጣድ የሚወዳደረው የለም፤ ከሰል የመሰለ ለስላሳ ገጽ ነው፣ ሸክላ እንጂ ብረት ስላልሆነም ብልጭታው ለፊልተሩ ይታዘዛል። ምጣድ ከሌለ ጥቁር ጃንጥላ ዘርግተው ይጠቀሙ።

በረዶው እየጣለ ሳለ አይውጡ፤ መብረቅም አለ፣ የጠጠሩም ምት ቀላል አይደለም። ከበር ወይም ከበረንዳ ሆነው ወደ ጨለማው ዳራ አቅጣጫ፣ ለምሳሌ ወደ ዛፍ ወይም ወደ ተከፈተ በር፣ በ1/60 ሴኮንድ ያንሱ፤ የሚወርደው ጠጠር ነጭ ሰረዝ ሆኖ ይቀራል። ለዚህ ፊልተር አያስፈልግም።

እንዳባራ በዚህ ተራ ይሥሩ፦

1. ደህና ደህናውን ጠጠር በቀዘቀዘው ሳህን ይሰብስቡና ሳህኑን ጥላ ሥር ያስቀምጡ።
2. መጀመሪያ ግቢውን ያንሱ፤ ሣር ላይ የቀረውን፣ ጎመኑ ላይ ያረፈውን፣ ክፈፉ ሥር የተከመረውን። ይህ ነው ቶሎ የሚጠፋው። ካሜራው ነጭ ሲበዛበት ፎቶውን ስለሚያጠቁር ኤክስፖዠሩን በ+1 ይጨምሩ።
3. ቀለበቱን ያዙሩ። እርጥብ በረዶ ላይ ያለው ስስ ውሃ ሰማዩን ይመልሳል፤ እሱ ሲነሣ የጠጠሩ ውስጥ ይታያል። ጠጠሩ ክብ ስለሆነ ብልጭታው በአንድ ጊዜ ከሁሉም ጎን አይነሣም፤ የሚፈልጉትን ጎን ብቻ ይግሩት። አንዲት ነጥብ ብልጭታ ይተዉለት፤ እሷ ከሌለች በረዶው ነጭ ድንጋይ ይመስላል።
4. የተሰበሰበውን ምጣድ ላይ አምጥተው ከጎን በሚመጣ የመስኮት ብርሃን አስጠግተው ያንሱ።
5. አንዱን ጠጠር ማንኪያ ጀርባ ላይ እያሹ ግማሹን አቅልጠው ጠፍጣፋ ያድርጉት። ውስጡ እንደ ሽንኩርት ቀለበት በቀለበት ነው። ነጭ የሆነው ቶሎ ሲረጋ አየር የታሰረበት ነው፤ ጥርት ያለው ደግሞ ውሃው ቀስ ብሎ የረጋበት። ደመናው ውስጥ ጠጠሩ ያለፈባቸው ሁኔታዎች ተራ በተራ እዚያ ተጽፈዋል።

ከዚያ በኋላ ካሜራውን ወዲያው ወደ ሞቀው ክፍል አያስገቡ፤ ሌንሱ ላብ ያወጣል። ፌስታል ውስጥ አሥረው ግማሽ ሰዓት ያቆዩት።

ደረጃ 4፦ ውርጭ

ኅዳር፣ ታኅሣሥና ጥር ላይ ሰማዩ ጥርት ብሎ ነፋስ ከሌለ፣ መሬት የቀን ሙቀቷን ሌሊቱን ሙሉ ወደ ሰማይ ትለቃለች። የቀዘቀዘው አየር ይከብድና እንደ ውሃ ወደ ዝቅተኛው ቦታ ይወርዳል። ስለዚህ ውርጭ የሚፈለገው እንጦጦ ጫፍ ላይ ሳይሆን ከኋላው በተንጣለለው የሱሉልታ ሜዳ ላይ ነው። ከአዲሱ ገበያ በመጀመሪያው ታክሲ ቢነሡ ፀሐይ ሳትወጣ ሜዳው ላይ ይደርሳሉ። ደብረ ብርሃን ዘመድ ያለው ደግሞ የተሻለ ዕድል አለው፤ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፣ ውርጩም ለገበሬው የታወቀ ጠላት ነው። ሜዳው የሰው ማሳና የግጦሽ መሬት መሆኑን ያስቡ፤ ባለቤቱን ሰላም ይበሉ፣ ሰብል አይርገጡ። እርስዎ የሚያደንቁት አመዳይ ለእሱ የባቄላ ሞት ሊሆን ይችላል።

ፀሐይ ከመውጣቷ በፊት ፊልተሩን ያውልቁ። ብርሃኑ ጥቂት ነው፣ የሚገራ ብልጭታም የለም። በትራይፖድ፣ በኤፍ 8፣ የሣር ቅጠል ጠርዝ ላይ የቆሙትን የአመዳይ መርፌዎች በቅርብ ያንሱ። ፀሐይ ስትወጣ በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ፊትዎን ወደ እሷ አዙረው ብርሃኑ በአመዳዩ ውስጥ ሲያልፍ ይያዙት። ከዚያ ትከሻዎን ወደ ፀሐይ ያዙሩና ፊልተሩን ይግጠሙ። አሁን ሰማዩ ይጠቁራል፣ መቅለጥ የጀመረው እርጥብ ቅጠል ብልጭታው ይበርዳል፣ ነጩ አመዳይ ጎልቶ ይወጣል።

ሰንጋ የረገጠው ጉድጓድ ወይም ኩሬ ዳር ላይ ስስ የበረዶ ቆዳ ካገኙ ዕድለኛ ነዎት። ከ4,000 ሜትር በላይ በሆነው በባሌ የሳነቲ አምባ በቀዝቃዛ ሌሊት ኩሬዎቹ እንዲህ ይረጋሉ። ከበረዶው ሥር ያለው ውሃ እየጎደለ ሲሄድ እንደ ካርታ መስመር የተያያዙ ነጫጭ ክቦች ይቀራሉ። የሦስትና የአራት ሕጉን ይዘው ይቁሙ፤ ቀለበቱን ሲያዞሩ ሰማዩ ከላይ ይነሣና መስመሮቹ፣ የታሰሩት አረፋዎች፣ ከሥር ያለው ሣር ይታያሉ። ከዚያ አንዲት ስስ ቁራጭ አንስተው፣ ትከሻዎን ወደ ፀሐይ አድርገው፣ ሰማያዊውን ሰማይ ከጀርባዋ አድርገው በፊልተሩ ይዩዋት። ፈዘዝ ያለ ሮዝ፣ አረንጓዴና ወርቅ ቀለም ይወጣባታል። የዚህ ምክንያት በሚቀጥለው ደረጃ ይታያል።

ደረጃ 5፦ ቤት ውስጥ የሚረጋ በረዶ

በረዶ ካልመጣ እኛ እንሠራዋለን። የበረዶ ክሪስታል በውስጡ የሚያልፈውን ብርሃን ለሁለት ከፍሎ አንዱን ከሌላው ያዘገየዋል። ሁለቱ ፊልተሩ ላይ ሲገናኙ አንዳንዱ ቀለም ይጠፋል፣ አንዳንዱ ይደምቃል። የሚያስፈልገው አቅጣጫ የያዘ ብርሃን ነው፤ የኤልሲዲ ስክሪን ደግሞ ይህንኑ ያወጣል።

1. ከአሮጌ የፎቶ ፍሬም መስታወቱን ያውጡና አጥበው ያድርቁት። ጠርዙን ለእጅዎ ሲሉ በፕላስተር ይሸፍኑት። ፕላስቲክ አይጠቀሙ፤ የራሱን ቀለም ይጨምራል።
2. መስታወቱን ፍሪዘር ውስጥ ልክ ጠፍጣፋ አድርገው ያስቀምጡና ፈልቶ የቀዘቀዘ ውሃ አንድ ሚሊ ሜትር ያህል ውፍረት እስኪኖረው ያፍስሱበት። ከመስታወቱ ሥር ፎጣ ካነጠፉ ውሃው ቀስ ብሎ ስለሚረጋ ክሪስታሎቹ ትልልቅ ይሆናሉ።
3. ክፍሉን ያጨልሙ፤ ስክሪኑን ነጭ አድርገው ብርሃኑን እስከ መጨረሻ ይጨምሩ። ካሜራውን በትራይፖድ ፊት ለፊት አቁመው ስክሪኑ እስኪጠቁር ቀለበቱን ያዙሩ።
4. በረዶውን አውጥተው ከስክሪኑ አንድ ስንዝር ርቆ እንዲቆም ያድርጉ፤ ከሥሩ ጨርቅና ትሪ ያድርጉ። ውሃና ኤሌክትሪክ አብረው እንዳይገናኙ ይጠንቀቁ።
5. ፎከስ በረዶው ላይ በእጅ ያስተካክሉ፤ ኤፍ 8፣ አይኤስኦ 400 ላይ ይጀምሩ። ያንሱ፤ በረዶውን ራሱን ትንሽ ያሽከርክሩና እንደገና ያንሱ።

በጥቁሩ ስክሪን ላይ በረዶው እንደ ቤተ ክርስቲያን ባለ ቀለም መስታወት ይበራል፤ እያንዳንዱ ክሪስታል በራሱ ቀለም፣ በቀጥ ያለ ድንበር ከጎረቤቱ ተለይቶ። እየቀለጠ ሲሳሳ ቀለሙ ይለወጣል፤ ስለዚህ በየግማሽ ደቂቃው ያንሱ። ቢያሽከረክሩትም ጥቁር ሆኖ የሚቀር ካለ ዋና ዘንጉ ቀጥ ብሎ ወደ እርስዎ የቆመ ክሪስታል ነው። ፍሪዘር ውስጥ ያቆዩት የሰማይ በረዶ ካለ ሁለቱንም ጎን አሽተው በጣም አሳስተው በዚሁ ስክሪን ፊት ይያዙት። በረዶን የሚያጠኑ ሳይንቲስቶችም የጠጠርን አፈጣጠር ለመረዳት ስስ ቁራጩን በሁለት ፖላራይዘር መሐል አድርገው ነው የሚመለከቱት። የጉለሌ ደመና የሠራውን እርስዎም በራስዎ ጠረጴዛ ላይ ማንበብ ይችላሉ።

ሊጠነቀቋቸው የሚገቡ

- ካሜራውን ከአግድም ወደ ቁም ሲያዞሩ ፊልተሩም አብሮ ዞሯል፤ ቀለበቱን እንደገና ያስተካክሉ።
- ፖላራይዝድ መነጽር አድርገው ስክሪን አይዩ፤ ይጠቁርብዎታል።
- በታክሲ የጎን መስኮት በኩል ሲያነሱ መስታወቱ ላይ ነጠብጣብ ወይም ባለ ቀለም መስመር ከታየ የፊልተሩ ስሕተት አይደለም፤ የጠነከረ መስታወት ውስጥ ያለው ውጥረት ነው የታየው። መስኮቱን ይክፈቱ።
- በበጋ አቧራ ፊልተሩን በደረቅ ጨርቅ አይጥረጉ፤ መጀመሪያ በለስላሳ ብሩሽ ያራግፉ።
- ማታ ፊልተሩን ያውልቁ።

የአንድ ሳምንት ልምምድ

ከቤትዎ ደጅ ውሃ የሚያቁርበትን አንድ ጉድጓድ ይምረጡ። ለሰባት ቀን በየቀኑ ከዚያው ቦታ ሦስት ፎቶ ያንሱ፦ ሰማዩ ሙሉ የሚታይበት፣ መሬቱ ሙሉ የሚታይበት፣ ሁለቱም የሚታዩበት። ማታ ማታ ጎን ለጎን አስቀምጠው የትኛው ቀኑን እንደሚመስል ይምረጡ። በሰባተኛው ቀን ጣትዎ ቀለበቱን የት ማቆም እንዳለበት ሳያስቡት ያውቃል። ሳህኑ ፍሪዘር ውስጥ፣ ካሜራው በር አጠገብ ይሁን። ቆርቆሮው መጮህ ሲጀምር የሚቀርዎት መጠበቅ ብቻ ነው።